ለእንግዶቹ ዘፈነች

የያዙኝ ከሙዚቃ ትርኢት ስወጣ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሰው ከሲኒማ ቤቱ በር እየተገፋፋ ሲወጣ አንድ ሲቪል የለበሰ ሰው ክርኔን ያዝ አደረገና፣ «ለአንድ አፍታ ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ» አለኝ። አነጋገሩ የጨዋ ነበር። አብራኝ የመጣችው የሥራ ባልደረባዬ ዞር ብላ ስታየኝ በዓይኔ ሂጂ አልኳት። ሄደች። ደግ አደረገች።

ሐረር በአስተማሪነት ከተመደብኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ያደግሁት ደብረ ብርሃን አካባቢ ስለሆነ በከተማው ዘመድ አልነበረኝም፤ ፈላና በር አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። የሙዚቃ ጓድ ከአዲስ አበባ ይመጣል የተባለ ጊዜ በሬዲዮ ብቻ የምናውቃቸውን ሰዎች በዓይናችን ልናይ ነው ብለን አስተማሪዎቹ ሁሉ ስንዘጋጅ ሰነበትን። እኔ ማሲንቆና ክራር እየሰማሁ ያደግሁ ነኝ። ትራምፔትና ሳክስፎን በአንድ ላይ ሲነፉ ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ድምፁ መጥቶ ደረቴ ላይ ሲያርፍ፣ የተቀመጥኩበት አግዳሚ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። ከፊት መኮንኖችና ሹማምንት ከነሚስቶቻቸው፣ ከኋላ የሱቅ ነጋዴዎች፣ ተማሪዎች፣ ከግንቡ ውስጥ፣ ከጁገል የመጡ ወጣቶች ነበሩ። ለአንድ ከሰዓት ሁላችንም አንድ ዓይነት ሰዎች የሆንን መስሎኝ ነበር።

ዘፋኟ ረጅም፣ ጠይም ሴት ናት። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች። የፍቅር ዘፈን እየዘፈነች መሐል ላይ እንዲህ የሚል አስገባች፤

ያረሰው ተርቦ፣ ያላረሰው በላ፤
ቀን ይፍታው ይሉኛል፣ ቀን አለ ወይ ሌላ?

ከዚያ ከኋላ በኩል ጭብጨባው ፈነዳ። እኔም እያጨበጨብኩ «ይደገም» አልኩ። ሌሎችም ተቀበሉኝ። እሷም ፈገግ ብላ ደገመችው። የተያዝኩት ለዚህ ነው።

በፖሊስ ግቢ ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ ከሰው ቁመት በላይ፣ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ። ጥግ ላይ ክዳኑ የማይገጥም ባልዲ ነበረ፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። አንዲት ትልቅ ሴት ቁርበት ላይ ተቀምጠዋል። የጁገል አደሬ ናቸው። የልጆቻቸው የኮንትሮባንድ ጨርቅ ቤታቸው ተገኝቶ፣ ልጆቹ ሲሸሹ እሳቸውን ይዘው አስገቧቸው። ከቁርበቱ ግማሹን ለቀቁልኝና፣ «ነይ ልጄ፣ ሲሚንቶው ኩላሊት ይበላል» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ዘፋኟን አመጧት። ያው አረንጓዴ ቀሚስ ነው የለበሰችው። ኩሏ ጉንጯ ላይ ፈስሶ ደርቋል። ደረቷ ላይ ሁለት ትልልቅ እርጥብ ነጠብጣቦች አየሁ። ውሃ ያፈሰሱባት መስሎኝ ነበር። አሮጊቷ፣ እማማ የምላቸው፣ ግን ወዲያው ገባቸው።

«የስንት ወር ነው?» አሏት።

«ገና መቀመጥ መጀመሩ ነው» አለች። «ለእህቴ ትቼው መጣሁ። ከነገ ወዲያ እመለሳለሁ ብያት ነበር።»

ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል የምናወራውም የምናስበውም ስለ ወተቷ ሆነ። ጡቷ ሲሞላ ትኩሳት ይይዛታል፤ በእጇ እያለበች ቆርቆሮ ውስጥ ታፈሰዋለች። ቢያማትም ማለቧን አትተውም፤ ካልታለበ ይደርቃል ብላ ትፈራለች። የእማማ ልጅ ከቤት ምሳ ስታመጣላቸው አብሽ የበዛበት ሾርባ ይኖራል፤ እነሱ ሁልበት ይሉታል። እማማ አንድ ጉንጭ እንኳ ሳይቀምሱ ለእሷ ይሰጧት ነበር።

«ጠጪ። እኛ ዘንድ አራስ የምትጠጣው ይህንን ነው። ወተት ይጠራል።»

ከግድግዳው ማዶ መንደር አለ። የጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል። ያን ጊዜ ወተቷ ሳትነካው ይወርዳል። ጆሮዋን በሁለት እጇ ትደፍናለች፤ ወተቱ ግን አይቆምም።

የግቢው መቶ አለቃ በየተራ ያስጠራን ነበር። እኔን የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ግጥሙን ማን ሰጣት?» አላውቅም እላለሁ። «አስተማሪ ነሽ። ተማሪዎችሽ መሬት ላራሹ እያሉ አደባባይ ወጥተዋል። ይደገም ብለሽ የጮህሽው ሳታውቂ ነው?» ዘፈኑ ጥሞኝ ነው እላለሁ። ይስቃል። እኔን ከጥፊ አልፎ አልነካኝም። እሷ አንድ ቀን ስትመለስ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር። ደጋግፈን አስቀመጥናት። ውስጥ እግሯ አብጦ ተላልጧል።

ውሃ ከጠጣች በኋላ፣ «ያንቺን ስም እንድጠራ ነው የሚፈልጉት» አለችኝ። «አስተማሪዋ ሰጠችኝ ብለሽ ፈርሚና ወደ ልጅሽ ሂጂ አሉኝ።»

«ምን አልሽ?»

«የአባቴ ነው አልኳቸው። እውነትም የእሱ ነው፤ የሰው መሬት እያረሰ ነበር የሚያንጎራጉረው። እሱ ሞቷል። ምን ሊያደርጉት ይችላሉ?»

ከሁሉም የከፋው ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነበር። ፍርድ ቤት የለ፣ ክስ የለ፣ የሚጠይቃት የለ። እሷ የት እንዳለች እህቷ ትወቅ አትወቅ እንኳ አታውቅም። ልጁ የላም ወተት እንደማይስማማው ለእኛ ደጋግማ ትነግረናለች፤ እኛ አንድ ነገር ማድረግ የምንችል ይመስል። ወተቷ እያነሰ ሄደ። ከዚያ አንድ ጠዋት ተጭና ተጭና ምንም አልወጣም። ባዶውን ቆርቆሮ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እማማ፣ ከደረቀ ይመለሳል?»

እማማ «ያ ረቢ» ብቻ አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ስሜን ጥሪ» አልኳት። «ከልቤ ነው። እኔ የሚጠብቀኝ ልጅ የለኝም።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺንም የወለደሽ አለ» አለች። ከዚያ ወዲያ ነገሩን እንዳነሣው አልፈቀደችልኝም።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለ። ግቢው ታጠበ፣ ድንኳን ተተከለ። መቶ አለቃው ራሱ ወደ ክፍላችን መጣና ከበሩ ሳያልፍ አናገራት። ለእንግዳው በሚደረገው ምሳ ላይ የፖሊስ ባንድ ይጫወታል፤ ያንኑ ዘፈን ከባንዱ ጋር ትዘፍናለች። ያንን ስንኝ ግን በውዳሴ ትለውጠዋለች፤ ውዳሴው ተጽፎ ይሰጣታል። ከምሳው በኋላ ትለቀቃለች። ፊርማ የለም፣ የማንም ስም አይጠራም።

እሱ ሲሄድ ሁለታችንንም አየችን። «የወንዶቹ እስረኞች ይሰሙኛል» አለች። ወደ ሽንት ቤት በሄድን ቁጥር ወንዶቹ በመስኮታቸው ያንን ስንኝ በለሆሳስ ያንጎራጉሩላት ነበር። እንደ እህታቸው ነበር የሚኮሩባት።

«ዝፈኚ ልጄ» አሏት እማማ። «የሆድሽን አላህ ያውቀዋል።»

እኔም ዝፈኚ አልኳት።

በዕለቱ እስረኛውን ሁሉ አውጥተው ከድንኳኑ ፊት ለፊት መሬት ላይ አስቀመጡን። ሴቶች በአንድ በኩል፣ ወንዶች በሌላ በኩል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የጥብስ ሽታ ከድንኳኑ ይመጣል። ቀሚሷን አጥበው ተኩሰውላታል፤ ጫማዋ ግን ያበጠ እግሯን አላስገባ ስላለ ነጠላ ጫማ አድርገውላታል። መድረክ ተብሎ የተቀመጠው ሳንቃ ላይ በሰው ተደግፋ ወጣች።

ትራምፔቱ ሲነሣ የሲኒማ ቤቱን የመሰለ ነገር ደረቴ ውስጥ የሚሰማኝ መስሎኝ ፈራሁ። ምንም አልተሰማኝም። ድምፅዋ ቀጥኖ፣ ደርቆ ነበር፤ ግን ዜማውን አልሳተችም። ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ስታዛውር ለእንግዶቹ የምትወዛወዝ ይመስላቸው ነበር። ያ ስንኝ ጋ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች። የተጻፈላትን አለችው። ስለ ጌቶች ቸርነት ነበር። እንግዳው ጉርሻውን እንደያዘ ራሱን ነቀነቀ። ድንኳኑ በሙሉ አጨበጨበ።

ከወንዶቹ በኩል ድምፅ አልወጣም። አንዱ ግን እንትፍ ሲል ሰማሁ። እሷም ሰማች።

ከሳንቃው አውርደው ወደ ውጭ በር ሲወስዷት መንገዱ በእኛ ፊት ነበር። አንገቷን ደፍታለች። ማንንም ላለማየት ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። ቅርባችን ስትደርስ ከጎኔ እማማ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ተጭነው መነሣት ጀመሩ። ጉልበታቸው ታማሚ ነው፤ ለሶላት እንኳ ተቀምጠው ነበር የሚሰግዱት። ቆሙ። ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ ልክ የተከበረ ሰው ቤታቸው ገብቶ እንደሚወጣ። እኔም ተነሣሁ። ከኋላችን የሌሎቹ ክፍሎች ሴቶች ተነሡ።

የሚጠብቀን አሥር አለቃ «ተቀመጡ» አለ። አልተቀመጥንም። ከሹማምንቱ ፊት ሊመታን አልወደደም መሰለኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እሷ የልብሳችንን ኮሽታ ሰምታ ቀና አለች። ሁላችንንም አየችን። ከወንዶቹም አንድ ሽማግሌ ሲነሡ አየሁ፤ ከዚያ ሌላ። በሩ ከኋላዋ እስኪዘጋ ድረስ ቆምን።

ለዚያ መቆማችን ቅጣት ከውጭ የሚመጣው ምግብ ለብዙ ጊዜ ተከለከለብን። እማማ በዚያ መሐል ታመሙና ወደ ቤታቸው ተወሰዱ፤ ሞታቸውን የሰማሁት እዚያው ሆኜ ነው። እኔ መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ ቆየሁ። ስወጣ ዘፋኟን አጠያየቅሁ። ሙዚቃ መተዋን የነገሩኝ አሉ። ልጁስ ብዬ የጠየቅኋቸው አላወቁም።

አሁን አርጅቻለሁ። ልጆቼ በበዓል ሰሞን ወደ ሙዚቃ ዝግጅት ይወስዱኛል፤ ሙዚቃ እንደምወድ ያውቃሉ። እውነታቸውን ነው፣ እወዳለሁ። መብራቱ ሲበራና አንዲት ሴት ማይክሮፎኑን ይዛ ስትወጣ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። እኔም አጨበጭባለሁ። ግን ድምፅዋን ከመስማቴ በፊት፣ ልጇን ለማን ትታ መጣች ይሆን እያልኩ አስባለሁ።