ፀሐይ ላይ የተሰጣ የራዲዮ ድንጋይ

ዛሬ መካኒሳ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ያለቁ የራዲዮ ባትሪ ድንጋዮች አጥሯ ላይ ስታሰጣ አየሁና በእማዬ ላይ የነበረኝ የድሮ ንዴት ተነሳብኝ።

ልጅ ሆኜ፣ አባዬ ታሞ አልጋ ላይ በዋለበት ዓመት፣ እማዬም እንዲሁ ታደርግ ነበር። ጠዋት ድንጋዮቹን በረንዳው ላይ ታሰጣና አባዬንም ደግፋ አውጥታ ከጎናቸው ታስቀምጠዋለች።

«ፀሐይ ሲያገኝህ ነፍስ ትዘራለህ» ትለዋለች።

አንድ ጠዋት አባዬ ጨው የመሰለ ነገር የተፋውን ድንጋይ አነሳ። «ይሄ ውስጡ አልቋል እኮ። እኔንስ እስከ መቼ ታሰጪኛለሽ?» አላት። እሷ ግን ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረችለት።

ድንጋዩ ውስጥ ያለው ዚንክ ኤሌክትሮኑን እየሰጠ እንደሚያልቅ፣ ፀሐይም የቀረውን ብቻ እንደሚቀሰቅስ ትምህርት ቤት የነገሩን አባዬ ከሞተ በኋላ ነው።

«ይሠራል?» አልኳት ሴትዮዋን፣ ሳላስበው ድምፄ ከርሮ።

«ለዛሬ ማታ ያህል» አለችኝ፣ ድንጋዮቹን እያገላበጠች።