ምሳችንን ያስተዳደረው የባሕር ኃይል መኮንን

ካናል ዊንቸስተር በምትባል የፈረንጅ ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማሸግ የጀመርኩት በኮሮናው ዓመት ነው። የመጀመሪያው ቀን ማስክ፣ ስካነርና የቴፕ መለጠፊያ ሰጡኝ። ሥራው ቀላል ነው፤ ዕቃውን ስካን ማድረግ፣ ሳጥኑን ማጠፍ፣ ማሸግ። ከባዱ ምሳ ሰዓት ነበር።

የምሳ ክፍሉን የሚገዛው ሊዳችን፣ ማለት የቡድን አለቃችን፣ ኮማንደር ዘውዴ ነው። ምጽዋ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። መንግሥት ሲለወጥ በመርከብ ወጣ፤ እዚህ መጥቶ ሂልቶፕ የሚባል ሰፈር እየኖረ ታክሲ ነዳ፤ ከዚያ ሊድ ሆነ። የሚያዝዘው መርከብ ስላጣ እኛን ያዘን።

ሰው እንዲራራቅ ወለሉ ላይ ቢጫ ቴፕ ለጥፍ ቢሉት፣ እሱ ድንበር አሰመረ። የራሱን ጠረጴዛ "ዋና ከተማ" አለው። ያለችንን አንዲት ማይክሮዌቭ ደግሞ "ወደብ"።

"ወደብ የሚገባው በማዕረግ ነው" አለ። "አንደኛ ሊድ፣ ቀጥሎ ፎርክሊፍት ነጂ፣ ቀጥሎ አሻጊ፣ መጨረሻ ጽዳት።"

ጽዳት የምትሠራው አለሚቱ እርጉዝ ናት። ቀዝቃዛ ምግብ ሆዷ አልቀበል ብሏል። ተራዋ ሳይደርስ ደወሉ ይደወልና ጦሟን ትነሣለች።

"አንተ ዘውዴ፣ ይቺ ልጅ ቀድማህ ብታሞቅ መርከብህ ይሰምጣል?" አልኩት።

"እትዬ በለጡ፣ ሥርዓት ከሌለ አገር ይፈርሳል።"

"የቱ አገር? አንድ ፍሪጅና ጥቂት ወንበር ነው እኮ!"

የዘውዴን አለቃ፣ ሱፐርቫይዘሯን፣ ብጠይቅ "ተነጋገሩ" ብላኝ ሄደች።

በማግስቱ ኮማንደሩ ዶሮውን አሙቆ ሊጎርስ ሲል ገባሁ። ታላቁ ነኝና "ኖር!" ብሎ ብድግ አለ። "በእግዜር" አልኩና ሳልቀመጥ ከቴፑ ማዶ ቆምኩ።

"ይቀመጡ እንጂ እትዬ።"

"የወደብ ተራዬን እየጠበቅሁ ነው።"

እኔ ቆሜ እሱ ሊቀመጥ? አሳዳጊ የበደለው አይደለም። የፎርክሊፍት ልጆችም ተነሡ። ሁላችን ተራርቀን እንደ ሰልፈኛ ቆመን፣ ዶሮው በረደ። ደወሉም ተደወለ።

ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ቆምኩ። ጉልበቴ ምን እንዳለኝ እኔ አውቃለሁ።

ዓርብ ዕለት ዘውዴ ሳህኑን እንደያዘ "እትዬ፣ በእናትዎ ይቀመጡ! ምን ላድርግ?" አለ።

"አለሚቱን አስቀድም። ሌላው በመጣበት ተራ ይሰለፍ።"

አለሚቱ ሽሮዋን አስገባች። ኮማንደሩ ሥልጣን አይለቀውምና አጠገቧ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማይክሮዌቯ ስትጮህ "መርከቧ ደረሰች!" ብሎ ሰላምታ ሰጠ። አለሚቱ በሳቅ ልትወድቅ ምንም አልቀራት፤ ግን ትኩሱን ጠርጋ በላች።

በፈረንጆቹ 2022 ሥራ ስለቅም ተራው ያው ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ማዕረግ የለም። የቸገረው ይቀድማል፤ ሌላው ይሰለፋል።