ጋሽ ሙሳን ያሰናበትንበት ቀን

ዛሬ ሽንፋ ከተማ ላይ አንድ ትራክተር እያጨሰ ሲያልፍ፣ የናፍጣው ሽታ ጋሽ ሙሳን አስታወሰኝ። ትራክተር ነጂ ነበሩ፤ ከሥራ መልስ የሰፈራችንን የእግር ኳስ ቡድን ያሰለጥኑ ነበር። በተከታታይ ሁለት ጨዋታ ስናሸንፍ ልባችን አበጠ። አምበሉ እኔ ስለነበርኩ ጓደኞቼ እኔን ላኩኝ።

«ጋሽ ሙሳ፣ ከእንግዲህ አሰልጣኝ አያስፈልገንም» አልኳቸው።

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«እውነትህን ነው፤ መጫወቱንስ ታውቁበታላችሁ» አሉኝ። «ግን ያልተሰለፈው ልጅ አጠገብ ማን ይቀመጣል?»

በማግስቱ ያለ እሳቸው ተጫውተን አሸነፍን። ጓደኞቼ ሲጨፍሩ እኔ በዓይኔ እሳቸውን ፈለግሁ። የሰፈር ሰዎች ለአጨዳ ወደ አብደራፊ እርሻዎች ሄደዋል አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

አሁንም ብቻዬን ሜዳ ዳር ስቆም፣ ዓይኔ ከኳሱ ይልቅ ተቀያሪዎቹ ወደተቀመጡበት ይሄዳል።