ጆን፣ የኩዊንሲ ልጅ

እትዬ ጸሐይወርቅ በስልሳ ዓመታቸው አሥራ አንደኛ ክፍል ገቡ። ካናዳ፣ ዌስተን በሚባል ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ እንኖራለን፣ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ እናነጥፋለን፤ ስለዚህ ነገሩን ከጅምሩ አውቀዋለሁ። ሐሳባቸው በደርግ ጊዜ ያቋረጡትን ትምህርት ጨርሰው፣ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማቸውን ይዘው፣ በመስከረም ኮሌጅ ገብተው የሕፃናት አስተማሪነት መማር ነው። ለዲፕሎማው የቀራቸው አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ትምህርት ብቻ ነበር። ከሥራቸው ጋር የማይጋጨው ደግሞ የቅዳሜው የአሜሪካ ታሪክ ብቻ ሆነ።

«ካናዳ ተቀምጠው ስለ አሜሪካ?» አልኳቸው።

«ጎረቤትሽን ሳታውቂ ቤት ትከራያለሽ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ወሬያችን ሁሉ ፕሬዚዳንት ሆነ። እኔ የትራስ ልብስ እቀይራለሁ፣ እሳቸው «ጆርጅ እኮ ሁለት ጊዜ ተመርጦ፣ በቃኝ ብሎ እርሻው ገባ! በቃኝ የሚል መሪ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» ይሉኛል። ጆርጅ፣ ቶማስ፣ አብርሃም፤ ሁሉንም እንደ እድር ጓደኛ በስማቸው ነው የሚጠሯቸው። እውነቱን ለመናገር ሰለቸኝ። አብርሃም ያን ሁሉ ሕዝብ ነፃ ካወጣ፣ ምናለ እኔንም ከዚህ ወሬ ቢያወጣኝ እል ነበር።

በግንቦት ነገር ተበላሸ። መምህራቸው ሊዮ፣ ልጃቸው የሚሆን ጎረምሳ ነው፣ የመጨረሻውን ድርሰት አዘዘ። ጥያቄው፣ ንጉሥ አንፈልግም ብሎ የተነሣ ሕዝብ ሥልጣን በዘር እንዳይወርድ ምን አደረገ የሚል ነበር። እትዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጻፉ። ወረቀቱ ሲመለስ አርባ አንድ። ማለፊያው ሃምሳ ነው።

«ፌይል አደረገኝ!» ብለው የአንሶላውን ጋሪ ከግድግዳ አላተሙት።

ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩ። ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ፣ ስድስተኛው ደግሞ ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ይባላሉ። እትዬ በእኛ የስም አቆጣጠር ሄደዋል። የመጀመሪያው ጆን የአዳምስ ልጅ፤ ሌላው ጆን የኩዊንሲ ልጅ፣ የአዳምስ የልጅ ልጅ። እንግዲያው ጆንና ኩዊንሲ ወንድማማች ናቸው ማለት ነው! «እነዚህ ሰዎች ብልጦች ናቸው፤ ለልጅ ማውረስ ቢያሳፍራቸው ለወንድም ልጅ አወረሱ» ብለው አራት ገጽ አብራርተዋል። ፍራንክሊን ዴላኖ ሩዝቬልትንም በዚያው ሂሳብ የቴዎዶር ሩዝቬልት የወንድም ልጅ አድርገውታል። ሊዮ በቀይ እስክሪብቶ «ጆን አዳምስ አባቱ ነው እንጂ አጎቱ አይደለም! ኩዊንሲ የሚባል ወንድምስ ከየት መጣ?» ብሎ ጽፏል።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ቀና ስል ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ኢየሩስ፣ ይሄ ከወደቀ ሴፕቴምበር የለም። ሌላ ዓመት የምጠብቅበት ጉልበት ደግሞ አልቀረኝም» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። አሥራ አምስት ዓመት አብረን ስንሠራ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ ወጥተው የእኛን የስም አጠራር ለሊዮ አስረዱት፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሊዮ ጭንቅላቱን ይዞ ሳቀ። ቢሆንም ስሕተት ስሕተት ነው ብሎ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደገና ጽፈው እንዲያመጡ ፈቀደላቸው።

እትዬም እልህ ያዛቸው። ኩዊንሲ አባቱ ካልሆነ ማነው? ላይብረሪ ገብተው ሲያገላብጡ አገኙት፤ የእናቱ የአቢጌል አያት ነው። ሽማግሌው በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ ሕፃኑ ተወለደ፣ ስማቸውም ለእሱ ተሰጠው። ዴላኖም የፍራንክሊን እናት ቤተሰብ ስም ሆኖ ተገኘ።

«አየሽ፣ እናት መሐል ላይ ገብታለች» አሉኝ፣ አንሶላውን በአንድ ወገን ይዘው ቆመው። «እኛ ስንቆጥር አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ነው። እናት የት አለች?»

ቴዎዶር ለፍራንክሊን አጎት ባይሆንም ለሚስቱ አጎት ነበር። «ብዙም አልራቅኩ!» ብለው ተጽናኑ። አዲሱን ድርሰት፣ ሥልጣን በምርጫ ይገኛል፣ ስም ግን በእናትም በአባትም ይወርዳል በሚል ጻፉት። ሰባ ስምንት አገኙ። ዲፕሎማውም፣ መስከረምም ተረፈ።

ምርቃቱ በሰኔ ነበር። ወረቀቱ ላይ የሚታተመው የፓስፖርቱ ስም ነው፤ መድረክ ላይ የሚጠራውን ግን ተመራቂው ራሱ በካርድ ጽፎ ይሰጣል። እኔ ስልኬን ደቅኜ ስጠብቅ ሊዮ ምላሱ እየተንተባተበ አነበበ። «ጸሐይወርቅ ሰገነት መንገሻ!»

መንገሻ አባታቸው እንደሆኑ አውቃለሁ። «ሰገነት ማናት?» አልኳቸው ሲወርዱ።

«እናቴ ናት። በጣቷ ነበር የምትፈርመው» አሉኝ። «ስሟ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም። ዛሬ ተጠራ።»