የካንዴላ ጆሮ

ባሌ አብተው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከሞጆ ጅቡቲ ተሳቢ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ አሁንስ እንደ ሰው ልንኖር ነው ብዬ ነበር። ናዝሬት መሀል፣ ቤተ ክርስቲያንም ገበያም በእግር የሚደረስበት ቦታ ቤት እንገዛለን ስል፣ እሱ መልካሳ አጠገብ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ፓፓያና አቧራ ብቻ ያለበት ሰፊ ግቢ ገዝቶ መጣ። ዶሮ እናረባለን፣ ሁለት ፍየል ይኖረናል፣ ጸጥ ብለን እንኖራለን አለኝ። ጸጥ ብለን የኖርነው አራት ወር ነው። በአምስተኛው ወር፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸክፍ አንድ ፈረንጅ የእርሻ ባለሙያ ሁለት ውሻ ተቀብሎ ከተፍ አለ።

ቴሪየር ይባላሉ። ነጭ ናቸው፣ ቡናማ ጣል ጣል ያለባቸው፣ ቁመታቸው ከጉልበት በታች፣ ጆሯቸው ወደ ፊት እጥፍ ያለ። ጎረቤቶች መጥተው አይተው፣ እነዚህ ደግሞ መቼ ነው የሚያድጉት ብለው ጠየቁን። አድገው ጨርሰዋል። ያላቸውን ዕድገት በሙሉ አፋቸውና ጥፍራቸው ላይ ነው የጨረሱት። አብተው እንደሚለው፣ ዘራቸው ጉድጓድ ገብቶ አይጥና ቀበሮ እንዲያወጣ ተብሎ የተራባ ነው። እኛ ቀበሮ ስለሌለን ፓፓያዬን ከነሥሩ አወጡልኝ። እውነቱን ለመናገር ከእህል ማስቀመጫው አይጥ የሚባል ነገር ጠፍቷል፤ ግን አይጥ የቲማቲም መደብ ቆፍሮ አያውቅም ነበር።

ወንዱን ፍሬን፣ ሴቷን ማርሽ ብሎ ሰየማቸው። ፍሬን የተባለው ውሻ ዕድሜውን ሙሉ አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም።

የሁዳዴ ነገር ደግሞ አለ። እኔ በሽሮ ሆዴን እያታለልኩ፣ እሱም ራሱ እየጾመ፣ ከኑሬ ሥጋ ቤት ለውሾቹ ሳንባና አጥንት ይዞ ይገባል። ማን ይቀቅለው? ሚስቱ ዘርፉ ትቀቅለው። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ የማልቀምሰውን ሥጋ እያማሰልኩ፣ ጨው እንኳ በዝቶ እንደሆነ መቅመስ አልችልም። ደግሞ ጨው አይገባበትም ብሎ ይቆጣኛል።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ውሻ ወዳጆች ማኅበር አቋቁመው በየዓመቱ ላንጋኖ አንድ ሆቴል ውስጥ የውሻ ትርዒት እንደሚያሳዩ ስልኩ ላይ አይቷል። ዋንጫ አላማረውም። አንድ ቀን የፍየሎቹን በረት ሲጠግን ቆይቶ ድንገት መዶሻውን አስቀመጠና፣ «ዘርፉ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ስነዳ ከትራፊክ ፖሊስ ክስ በቀር አንድ ወረቀት የሰጠኝ የለም። የሚያውቅ ሰው፣ እጁን ውሻዬ ላይ አድርጎ፣ ይሄ በደንብ ያደገ ነው ቢለኝ ይበቃኛል» አለኝ። እኔም ይበቃሃል እንዴ፣ እኔ ብልህ አይበቃህም ወይ አልኩት። አንቺ ስለ ውሻ ምን ታውቂያለሽ አለኝ።

ማርሽ ለመጨረሻ ጊዜ ስትወልድ ከሦስቱ ቡችሎች አንዱ ብቻ ተረፈ። አብተው ይህንንም በመኪና ዕቃ ስም ካንዴላ አለው። እሷ አርጅታለች፣ ፍሬንም የዚያኑ ክረምት ሞቷል፤ ስለዚህ የቀረው ተስፋ ሁሉ በዚህ አራት ኪሎ በማይሞላ ፍጥረት ላይ ተጫነ። ሥልጠናው ጠዋትና ማታ ነው። ሊጥ የማቦካበትን ጠረጴዛ ግቢ መሀል አውጥቶ፣ ካንዴላን እላዩ ላይ አቁሞ፣ እኔን ዳኛ አደረገኝ። ዳኛ ጥርስ ያያል፣ ጀርባ ይዳብሳል፣ እግር ያነሳል፤ ውሻው ዝም ብሎ መቆም አለበት። እኔ ወጥ እያረረብኝ የውሻ ጥርስ እቆጥራለሁ። ቀጥሎ እሱ ገመዱን ይዞ ግቢውን በሩጫ ይዞራል፣ ካንዴላ ከጎኑ ቀና ብሎ ይሮጣል። በአጥር በኩል የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። እኔ ከሃፍረቴ ቤት እገባለሁ፣ እሱ ደግሞ ዳኛዬ የት ሄደች ብሎ ይጣራል።

ለትርዒቱ አንድ ወር ሲቀረው አብተውን ቡአው ተነሳበት። ገና ሳይነጋ የጠራሁት ጎረቤታችንን ጀቤሳን ነው። ሽንኩርት የሚጭንባትን ፒክአፕ አስነስቶ፣ አብተውን እንደ እንቁላል ተሸክሞ አስገብቶ ናዝሬት ሆስፒታል አደረሰልን። ኦፕራሲዮን ተወስኖ ተኛ። ወደ ቀዶ ጥገናው ሲገፉት እጄን ያዘኝ፤ አይዞሽ ሊለኝ መስሎኝ ጠጋ አልኩ። «ካንዴላን ለማንም አትስጪ» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። እሱ ትእዛዝ እንጂ ምክንያት አይናገርም።

እኔ በቀን ሁለቴ ምሳና ራት ይዤ ናዝሬት ስመላለስ፣ ካንዴላ በዶሮ ቤቱ ሥር ቆፍሮ ገባና ሦስት እንቁላል ጣዮች ጨረሰብኝ። ሦስተኛዋን እግሬ ሥር አምጥቶ አስቀምጦ ጅራቱን ቆላልኝ። በቃኝ። አንገቱን ይዤ ጀቤሳ ቤት ሄድኩና፣ ጋሼ አብተው ከሆስፒታል እስኪወጣ ያዝልኝ፣ ብቻ አደራ፣ ላንጋኖ ውድድር አለው አልኩት። ጀቤሳ የውሻ ውድድር ሰምቶ አያውቅም። ምን አድርገው ነው የሚወዳደሩት ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ታክሲ ሊያመልጠኝ ነው፣ ሳህኑ በፌስታል ተንጠልጥሏል፣ ተናድጃለሁ። ምን አውቄ፣ ማን ይበልጣል ነው እንግዲህ ብዬው ሄድኩ።

የጀቤሳ ውሾች በሙሉ ጆሯቸው የተቆረጠ ነው። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ እንደዚያ ስለሆነ አብሯቸው የተፈጠረ ይመስል አስቤው አላውቅም። ውሻ ጆሮው ሲቆረጥ ኃይለኛ ይሆናል ይባላል፤ ቁራጩም ተጠብሶ ለራሱ ለውሻው ይሰጣል።

በስምንተኛው ቀን ጀቤሳ ካንዴላን አምጥቶ አስረከበኝ። ታጥቧል። ቁስሉ ላይ ቅቤ ተቀብቷል። እነዚያ እጥፍ የሚሉ ጆሮዎች ከሥራቸው የሉም። «እንደዚያ ተንጠልጥሎ ቢሄድ ይንቁት ነበር፣ እትዬ ዘርፉ» አለኝ፤ ምላጩ አዲስ እንደነበርም ጨምሮ ነገረኝ። አደራ ያልኩት ምን ማለቴ እንደሆነ እኔ ራሴም አላውቀውም ነበር።

አብተው በማግስቱ ከሆስፒታል ወጣ። ካንዴላን ሲያየው አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠና ደም ብዙ ፈሶት እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩት። ወዲያው ደግሞ ለምን አትስጪ እንዳልክ ብትነግረኝ ኖሮ ብዬ ጮህኩበት፤ ጥፋተኛም ሆኜ መቆጣቱን አልተውኩም። ይህን እየተባባልን ጀቤሳ አንድ ጆግ ወተት ይዞ፣ «አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ» እያለ በሽተኛ ሊጠይቅ ገባ። ውሻውን እያሳየ፣ አሁን ወንድ መሰለ አለ። አብተው እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ወተቱን ጠጣለት። ሲወጣ፣ ለምን አትነግረውም ብዬ ተቃጠልኩ። ለኔ ብሎ ነው ያደረገው፣ ምን ልበለው አለኝ።

ማኅበሩ ጋ ደወለ። ጆሮው የተቆረጠ ቡችላ ይቀርባል ወይ ሲላቸው፣ ይምጣና ዳኛዋ ታየዋለች አሉት። ዶክተሩ ደግሞ ሦስት ወር መሮጥ የለም ብሎታል። ታዲያ ማን ያሩጠው? በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ በሸራ ጫማ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሥሬ፣ ያንን ግቢ ሦስት ሳምንት ዞርኩት። አብተው ወንበር ላይ ተቀምጦ እጅሽን አውርጂ፣ አንገቱን አትጎትቺው እያለ ያዝዘኛል።

ላንጋኖ የወሰደን ጀቤሳ ነው። ሌላ መኪና እንከራይ ብል፣ እሱ ግን የዓመት በዓል ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። በሞጆ አድርገን ስንሄድ መንገዱን ሙሉ፣ ካንዴላ እንዳይፈራ ሲመክረው ነበር። ሐይቁ ዳር ከአዲስ አበባ የመጡት ውሾች ከኔ የተሻለ ፀጉራቸው ተሠርቷል። ባለቤቶቻቸው ዣንጥላ ይዘውላቸዋል። ጀቤሳ ከተመልካቾቹ ጋር ማዶ ዛፍ ጥላ ሥር ቆመ፤ አብተው ዳኛዋ አጠገብ ካለው ገመድ ጋ ተጠጋ።

ዳኛዋ ሉሊት የምትባል የእንስሳት ሐኪም ናት፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን። ሮጥኩ። ካንዴላ ከጎኔ ቀና ብሎ ሮጠ። ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት፣ አልተንቀሳቀሰም። ጥርሱን አየች፣ ጀርባውን ዳበሰች፣ እግሮቹን አንድ በአንድ አነሳች። የተቆረጡትን ጆሮዎች ለመጨረሻ አቆየቻቸው መሰለኝ፣ መጀመሪያ ወደ አብተው ዞራ፣ «ጥሩ ውሻ ነው። በደንብ ያደገ ነው» አለችው። ፊቱን አየሁት። ልጆቻችን ሲወለዱ እንኳ፣ መንገድ ላይ ስለነበር፣ እንዲህ ያለ ፊቱን አላየሁም።

ቀጥላ ጆሮውን ነካችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አስረዳችው። ጆሮው የተቆረጠ ውሻ ደረጃ አይሰጠውም። ያስቆረጠው ባለቤቱ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ትርዒት ላይ ውሻ አያቀርብም፣ ደንቡ ነው። «ያለ ፈቃድዎ ሌላ ሰው አድርጎት ከሆነ ግን ይንገሩኝ፣ ጋሼ። ጠርተን እናነጋግረዋለን፤ እርስዎን አይመለከትም።»

እኔ አፌን ከፈትኩ። ማዶ ጀቤሳ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ያጨበጭብልናል።

አብተው ወደዚያ አየ፣ ወደ እኔ አየ። «እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት» አለ።

ለምን አለችው። በኛ አገር ይቆረጣል አላት። አዝና ይህንኑ የሚል የእገዳ ወረቀት አቀረበችለትና ፈረመ። ይህ ሰው ይህን ሁሉ ዓመት ፓፓያዬን አስነቅሎ፣ በጾም ሥጋ አስቀቅሎ፣ በስተርጅና አሩጦኝ፣ የሚፈልጋትን አንዲት ነገር ባገኘባት ደቂቃ በገዛ እጁ ጣላት። እንዲህ የተናደድኩበት ቀን የለም። እንዲህ የወደድኩትም ቀን የለም።

ስንመለስ ዝዋይን አለፍን። ጀቤሳ አላስቻለውም፤ ሴትየዋ ምን አለች ብሎ ጠየቀ።

«በደንብ ያደገ ውሻ ነው አለች» አለው አብተው።

ጀቤሳ መሪውን መታ መታ አድርጎ፣ እኔ ጆሮውን ሳስተካክለው እኮ ታውቆኝ ነበር አለ። አብተው ታውቆህ ነበር አለው። እኔ ካንዴላን ጭኔ ላይ አድርጌ ወደ ውጭ አየሁ። አንድ ቃል ብናገር የባሌን ፊርማ ከንቱ አደርገዋለሁ፤ ስለዚህ እስከ ቤታችን ድረስ ዝም አልኩ፣ በትዳሬ ለመጀመሪያ ጊዜ።