የልቧ ነው ወይስ የጡንቻዋ

ስልኩ ሲጠራ የእህቴን ነጭ ጋውን ኪስ እየሰፋሁ ነበር። እስክሪብቶ እያጨቀችበት ሁልጊዜ ይቀደዳል። የደወለችው አብራት የምትሠራው፣ እሷው ያሠለጠነቻት ልጅ ናት።

"ጋሼ፣ ቶሎ ይምጡ" አለችኝ።

"አመማት እንዴ?"

"ኧረ ጋሼ..." ከዚያ በኋላ የሰማሁት ልቅሶዋን ነው። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቼ ተነሣሁ።

እህቴ በእንስሳት ጤና ላብራቶሪ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ጠዋት ጠዋት ቄራ ሄዳ ከታረዱት ከብቶች ልብ፣ ጉበት፣ ኩላሊትና ሥጋ ቁራጭ ቁራጩን ትሰበስባለች። አራጆቹ "እመት ጉበት" ነበር የሚሏት።

"እመት ጉበት፣ ልብ የሌለው ገጥሞሽ ያውቃል?"

"ከብት አልገጠመኝም" ትላቸዋለች። "ሰው ከሆነ አለቃዬን ላሳያችሁ።"

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ ሥራዋ የማውቀው እራት ላይ የነገረችኝን ብቻ ነው። በልብም፣ በጉበትም፣ በጡንቻም ውስጥ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ኢንዛይም አለ፤ ግን የልቡና የጡንቻው አንድ አይደሉም። "የልቡ እንደ እኔ ነው" ትለኝ ነበር፣ "ቀስ ብሎ ሳያርፍ ይሠራል። የጡንቻው እንደ አንተ ነው፤ ደንበኛ በር ላይ ሲቆም ይጣደፍና ደከመኝ ይላል።" ለመለየት ናሙናውን ጀል በሚሉት ስስ የረጋ ነገር ላይ አድርጋ ኤሌክትሪክ ትለቅበታለች። የልቡ ቀድሞ ይሄዳል፣ የጡንቻው ወደኋላ ይቀራል፤ ቀለም ሲነካቸው መስመር መስመር ሆነው ይታያሉ። አንድ አካል ሲጎዳ ኢንዛይሙ ወደ ደም ይፈስሳል። መስመሩን ማንበብ የሚችል ሰው ከየት እንደመጣ ያውቃል።

ከዓመታት በፊት አንድ ተላላኪ የጎረቤቱን ደም ሊያስመረምር ደብቆ አመጣና ከላሞች ናሙና ጋር ተደባለቀ። በተሳሳተው ውጤት ሁለት ጤነኛ ላሞች ታረዱ። እህቴ ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሰችም። ከዚያ በራሷ እጅ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈች፦ የሰው ናሙና ያለ ኃላፊው ፊርማ አይገባም።

ስልኩ ከመደወሉ በፊት በነበረው ሳምንት የላብራቶሪው አሳንሰር ተበላሽቶ ነበር። ማክሰኞ የጠርሙስ ካርቶን ተሸክማ ሁለት ፎቅ ወጣች። ማታ ደረቷን ጫን ጫን አደረጋት። በማግሥቱ ክሊኒክ አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሙ የደሙን ውጤት አየና "ኢንዛይሙ ከፍ ብሏል። ዕቃ ተሸክመው ነበር፣ እናት?" አላት።

"ተሸክሜያለሁ። ግን የልቡ ነው የጡንቻው?"

"እኛ የምንለካው ጠቅላላውን ነው። ጡንቻ ነው፣ አይጨነቁ።"

ካርዱ ላይ "የጡንቻ ሕመም" ብሎ ጻፈና የሚቀባ መድኃኒት አዘዘላት። እሷ ግን የተረፈውን ደም ለምና ወሰደች። ሌላ ቦታ እንሂድ ብላት፣ "እዚያም ጠቅላላውን ነው የሚለኩት። የእኛ ጀል ይለየዋል" አለችኝ።

ሐሙስ ላብራቶሪ ስትገባ ኃላፊው ስብሰባ ሄዷል፤ የሚመለሰው ሰኞ ነው። ምክትሉ አልፈርምም አለ።

"እትዬ፣ እኔ ላስገባልሽ። ማን ያያል?" አለቻት ልጅቷ።

"ግድግዳው ላይ ያለውን ማነው የጻፈው?"

"አንቺ ነሽ።"

"በቃ እንግዲህ። ብልቃጡን ፍሪጅ እንዳታስገቢው፤ የጡንቻው ብርድ አይችልም።"

ይህን ሁሉ ልጅቷ ነች በኋላ የነገረችኝ። እህቴ ለእኔ ያለችኝ "ሰኞ ይፈረማል" ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ ቤት ስትውል ትራሷን ከፍ አድርጌላት ሻይ አፈላሁላት። ደረጃው ላይ ቆም ቆም ስትል እያየሁ ዝም አልኩ። ሰኞ ጠዋት የሚፈረምበትን ቅጽ ይዛ ከኃላፊው በር ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ኃላፊው ስልክ ላይ ነበር። ጨርሶ በሩን ሲከፍት እዚያው ወንበር ላይ ሕይወቷ አልፎ ነበር።

ከቀብር በኋላ ኃላፊው ቤት መጥቶ አንድ ፖስታ ሰጠኝ። ውስጡ ቅጹ ነበር፤ ፈርሞበታል፣ ማኅተምም አድርጎበታል። "ለእሷ ክብር ብዬ ነው" አለኝ። ሻይ አቀረብኩለት። ጠጣና ሄደ።

አብራው መጥታ የነበረችው ልጅቷ ወደ ኋላ ቀረች። "ጋሼ፣ ብልቃጡ እንዳለ ነው። ግን ከነገ አያልፍም፤ ይበላሻል። ላስገባው?"

"ከገባስ ምን ይላል?"

"የልብ ከሆነ የልብ ይላል።"

የልብ ከሆነ ያን ሐኪም፣ ያን ምክትል፣ ያን በር ምን አደርጋቸዋለሁ? ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ ሻይ ያፈላሁትን እኔንስ? ነገ እነግርሻለሁ አልኳት። በማግሥቱ ስትደውል ስልኩን አላነሣሁም።

ይኸው ሦስት ወር ሆነ። ካርዱ ላይ አሁንም "የጡንቻ ሕመም" ይላል። የእህቴ ደም ሳይመረመር ቀርቷል።