ከሞላው ጀርባ የደረደርኳቸው ሮንዴላዎች

መቼም እኔ ሲነኩኝ አልወድም። ዳንግላ ላይ ጋራዥ ከፍቼ በምሠራበት ዘመን፣ አገሩ ሊገባ የተሰናዳ አንድ ፈረንጅ የሸጠልኝ አሮጌ የቤት መኪና ነበረችኝ። ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የላትም፤ ማርሿን ራሷ ትለውጣለች፣ ያውም ሳይታወቅ። አባቴን አንድ ጊዜ ከእንጅባራ ዳንግላ ድረስ አመጣኋቸው። ሲወርዱ መኪናዋን ዳበስ አድርገው፣ "እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ውኃ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ" አሉኝ።

ፈረሰኞቹ ጓደኞቼ ግን መች ያስቀምጡኛል! የእኛ አገር ሰው በፈረስ ነገር ጉድ ነው፤ ሲነሳ ወገቡን ነጠቅ ካላደረገው ፈረስ አይለውም። "ይቺማ የቄስ ሰጋር በቅሎ ናት፤ ጃንጥላ ብቻ ነው የቀራት" እያሉ ይስቁብኛል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ቻልኩ። በሦስተኛው ደሜ ፈላ።

ከካምቢዮው ሥር የዘይቱን ግፊት የሚይዝ አንድ ሞላ አለ። ዘይቱን አፍስሼ፣ ክዳኑን ፈትቼ፣ ከሞላው ጀርባ ሮንዴላ፣ ያችን መሐሏ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት፣ ደረደርኩበት። ሞላው ሲጠነክር ግፊቱ ይጨምራል፤ ማርሹም ሲገባ እንደ ድሮው ሹልክ አይልም፣ ይመታል። ጓደኞቼን ጭኜ በገበያው ዳር ስነዳት፣ ማርሽ በለወጠች ቁጥር አንገታቸው ወደ ኋላ ይሄዳል። "እሰይ! አሁን ፈረስ ሆነች!" አሉ። አቤት የኔ ኩራት! ሳምንቱን ሙሉ መሬት አልበቃኝም።

በጥር ጊዮርጊስ ማግስት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከእንጅባራ መጥቶ ጋራዤ በር ላይ ቆመ። አባቴ በበዓሉ ግልቢያ ላይ ከፈረስ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ወጌሻው አጥንቱን መልሶ አስሮታል፤ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ይግቡ ተብሏል። "ዋናው ነገር እንዳይናጡ ነው" አለኝ ሾፌሩ። "ከተናጡ አጥንቱ ይለቃል፣ ሁለተኛ ኮርቻ ላይ አይወጡም ብሏል ወጌሻው። በኔ መኪና ልውሰድዎ ብላቸው፣ የለም፣ ያቺን የልጄን መኪና ጥሩልኝ አሉ።" ደግ ሰው ነበር። ሻይ እንኳ ጠጣ ስለው መንገድ አለብኝ ብሎ ሄደ።

ሮንዴላዎቹን ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አባቴም ግማሽ ቀን ባሉበት መቆየት አያቅታቸውም ነበር። ግን ጓደኞቼ እዚያው ቆመው ያዩኛል፤ ያን ሁሉ ጉራ ነዝቼ መልሼ በቅሎ ላደርጋት ነው? ቀስ ብዬ ብነዳ ማን ያውቃል አልኩና ተነሳሁ። ምን ዓይነት ድድብና ነው!

አባቴን በኋላው ወንበር ላይ ፍራሽ አንጥፈን አስተኛናቸው። ገና ከእንጅባራ ሳንወጣ ማርሹ ገባና መታ። አባቴ በአገውኛ ጮኹ። እግሬን ከነዳጁ ላይ ላላ አድርጌ ሞከርኩ፤ መታ። በአንደኛ ማርሽ ብቻ ላዝግም ብዬ ያዝኳት፤ ሞተሩ ፈላና ቆመች። ውኃ ጨምሬ እንደገና ተነሳሁ፤ አሁንም መታ። አባቴ ሰው ፊት ሕመም የሚያሳዩ ሰው አልነበሩም። ያን ዕለት ግን ፍራሹን ነክሰው አለቀሱ፤ እኔም መሪውን ይዤ አለቀስኩ።

"ይሄን መንገድ ምን አገኘው ልጄ?" አሉኝ። "ያኔ እኮ ውኃ ነበር።"

"የጭነት መኪኖች ናቸው አባባ" አልኩ። "አረሱት።"

ባሕር ዳር ሐኪሙ የታሰረውን ፈትቶ አየና፣ አጥንቱ ለቋል አለ። በስንት መከራ ቢገጥሙትም አንድ እግራቸው አጥሮ ቀረ። ፈረሳቸውን ለወንድማቸው ልጅ ሰጡ። እኔ በዚያው ሳምንት ሮንዴላዎቹን አውጥቼ ጣልኩ፤ ጓደኞቼ አንድም ቃል አልተናገሩኝም።

ከዚያ ወዲህ አባቴ እንጅባራ ላይ ከደጃቸው ተቀምጠው የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ምርኩዛቸውን ያነሳሉ። "እግሬን በላችሁት! የእጃችሁን ይስጣችሁ!" ጎረቤት ይስቃል። ያ መልእክት ያደረሰልኝ ሾፌርም ሲያልፍ ይረገማል፤ እሱ ግን ሰላምታ መስሎት እጁን ያወዛውዛል። "ልጅዎስ ቢሆን ትንሽ ቀስ ቢል ምን ነበር?" ያላቸው ሰው ካለ ይቆጣሉ። "እሱን ተዉት! እያለቀሰ ነው የነዳው" ይላሉ። እኔ ያኔ ተነስቼ ወደ ጓሮ እሄዳለሁ።

ሊሞቱ ሲሉ የንስሐ አባታቸው መጡና፣ የበደለዎትን ሁሉ ይቅር ይበሉ አሏቸው። አባቴ ትንሽ አሰቡ። "እነዚያን ሾፌሮች ይቅር ብያለሁ" አሉ። "እንጀራቸው ነው፤ መንገዱን ሆን ብለው አላበላሹትም።"

"ሌላስ?" አሉ የንስሐ አባት።

አባቴ ዞር ብለው አዩኝ። "ሌላ የበደለኝ የለም" አሉ።

እጃቸውን ይዤ ነበር። እኔ ነኝ አባባ ማለት ምን ያህል ከባድ ነው? አላልኩም።